ንግሥቲቱና ሠራተኛዋ፦ ኦክሲጅን፣ ኢንዛይምና የነፍሳት እርጅና

ቀፎ ከፍቶ ያየ ሰው አውራዋን ከሌሎቹ ለመለየት ብዙ አይቸገርም። ሆዷ ረዘም ይላል፣ ክንፎቿ የሆዷን ጫፍ አይደርሱበትም፣ ሠራተኞች ከብበው ይመግቧታል፣ ያጸዷታል። «አውራ» ብንላትም ሴት ናት፤ የቀፎው ሁሉ እናት። ከመልኳ ይልቅ የሚገርመው ግን ከሠራተኞቹ ጋር ያላት ዝምድና ነው። ንግሥቲቱም ሠራተኛዋም የሚፈለፈሉት ከአንድ ዓይነት የዳበረ እንቁላል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ገደማ ሁለቱም ወጣት ንቦች ከዕጢያቸው የሚያመነጩትን ወተት መሰል ፈሳሽ ይመገባሉ። ከዚያ ሠራተኛ የምትሆነው እጭ ማርና የአበባ ብናኝ የተቀላቀለበት ቀለብ ይጀመርላታል። ለንግሥትነት የታጨችው ግን ሮያል ጄሊ የሚባለውን ፈሳሽ በገፍ እየተመገበች ታድጋለች፤ ካደገችም በኋላ ሠራተኞቹ እያጎረሷት ትኖራለች።

የዕድሜው ልዩነት ታዲያ የትየለሌ ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በሞቃቱ ወራት የምትወጣ ሠራተኛ ከ15 እስከ 38 ቀን ገደማ ትኖራለች። ንግሥቲቱ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ዓመት፣ አልፎ አልፎም እስከ አምስት ዓመት ትቆያለች፤ ያውም እንቁላል በሚበዛበት ወቅት በቀን ከ1,000 በላይ እየጣለች። በእኛ አገር አቆጣጠር ብናስበው፣ አደይ ሲፈነዳ ወደ አበባ መውጣት የጀመረች ሠራተኛ የኅዳርን ማር ቆረጣ የማየት ዕድሏ ጠባብ ነው። አውራዋ ግን የከርሞውንም አደይ ልትደርስበት ትችላለች።

ዘር አንድ፣ ቀፎ አንድ፣ ዕድሜ ግን አሥርና ከዚያ በላይ እጥፍ። ይህን ዕድሜ ከየት አመጣችው? ለረጅም ጊዜ የተሰጠው መልስ አጭርና ደስ የሚል ነበር፦ ረጅም ዕድሜ ያለው እንስሳ ኦክሲጅን ከሚያደርስበት ጉዳት የሚጠብቁት ፀረ-ኦክሲዳንት ኢንዛይሞች (የሰውነትን ኬሚካዊ ሥራ የሚያቀላጥፉ ፕሮቲኖች) በብዛት አሉት፤ ዕድሜው አጭር የሆነው ደግሞ ያንሱታል። ነገሩ ሲመረመር እንዲህ ሆኖ አልተገኘም። ለምን እንዳልሆነ ማወቁ ከመልሱ የበለጠ የሚያስተምር ስለሆነ ከሥሩ መያዝ ይሻላል።

ነፍሳት ሳንባ የላቸውም። አየር የሚገባው በደረታቸውና በሆዳቸው ግራና ቀኝ በተደረደሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው፤ ከዚያ እየቀጠነ በሚሄድ የቱቦ መረብ አልፎ እስከ ሕዋሶቹ ደጃፍ ድረስ ይዘልቃል። የእኛ ደም ኦክሲጅን ተሸክሞ እንደሚዞረው የእነሱ ደም መዞር አይጠበቅበትም፤ አየሩ ራሱ ሰውነታቸው ውስጥ ዘልቆ ይገባል። ንብ ወይም ዝንብ ለመብረር ክንፏን ስታነሣ የደረቷ ጡንቻ የሚፈጀው ኦክሲጅን በእረፍት ጊዜ ከነበረው በብዙ አሥር እጥፍ ይጨምራል። ይህን ያህል ኦክሲጅን በቅጽበት የሚያቃጥል ጡንቻ ያለው እንስሳ ጥቂት ነው።

ኦክሲጅን ሕይወት ይሰጣል፤ ብረት የሚያዝገውም እሱ ነው። ሕዋስ ውስጥ ምግብ ወደ ጉልበት የሚለወጠው ማይቶኮንድሪያ በሚባሉት ጥቃቅን ክፍሎች ነው። እዚያ ኤሌክትሮኖች ከእጅ ወደ እጅ እንደሚቀባበሉት ዕቃ በሰንሰለት ያልፋሉ፤ መጨረሻ ላይ የሚረከባቸው ኦክሲጅን ነው፤ ተረክቦም ውኃ ይሆናል። አንዳንዴ ግን አንድ ኤሌክትሮን ተራውን ሳይጠብቅ መሐል ላይ ሾልኮ ኦክሲጅን ላይ ይለጠፋል። ያን ጊዜ የሚፈጠረው ሱፐርኦክሳይድ ይባላል፤ ያገኘው ነገር ላይ ጉዳት የሚያደርስ፣ እረፍት የሌለው ቅንጣት ነው።

የመጀመሪያው ተከላካይ ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ነው። ሁለት ሱፐርኦክሳይዶችን ይዞ አንዱን ወደ ኦክሲጅን፣ ሌላውን ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይለውጣል። በሁለት ዓይነት ይገኛል፤ መዳብና ዚንክ የያዘው በዋናነት በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ ይሠራል፣ ማንጋኒዝ የያዘው ደግሞ ማይቶኮንድሪያ ውስጥ። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም ቢሆን ዝም የሚባል አይደለም፤ ከብረት ጋር ከተገናኘ ምንም ኢንዛይም ሊደርስበት የማይችል፣ ከሁሉ የከፋ ቅንጣት ይወልዳል። ስለዚህ ካታሌዝ የሚባለው ሁለተኛው ኢንዛይም ይቀበለውና ውኃና ኦክሲጅን አድርጎ ይጨርሰዋል። ካታሌዝን በዓይናችሁ አይታችሁታል፦ ቁስል ላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲፈስ የሚንተከተከው አረፋ ከደማችንና ከሕዋሶቻችን የወጣው ካታሌዝ የለቀቀው ኦክሲጅን ነው።

ነፍሳት በዚህ ሰንሰለት ላይ የራሳቸው ጠባይ አላቸው። በእኛ ሰውነት ግሉታታዮን የተባለው ተከላካይ ሞለኪውል ሥራውን ጨርሶ ሲደክም የሚያድሰው ለብቻው የተሠራ ኢንዛይም አለ። የፍራፍሬ ዝንብና የወባ ትንኝ ይህ ኢንዛይም ጭራሹን የላቸውም፤ ሥራውን የሚሸፍንላቸው ታዮሬዶክሲን የሚባለው ሌላ ሥርዓት ነው። ስለዚህ በአይጥ ላይ የታየን ነገር እንዳለ አንሥቶ ለዝንብ፣ በዝንብ የታየውንም ለሰው ማልበስ አይገባም።

አሁን ወደ ሐሳቡ ታሪክ። በ1956 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ዴንሃም ሃርማን የተባለ አሜሪካዊ፣ እርጅና ማለት እነዚህ እረፍት የለሽ ቅንጣቶች በዕድሜ ልክ የሚያደርሱት ጉዳት ድምር ነው ብሎ ጻፈ። ያኔ ሱፐርኦክሳይድን የሚያጠፋው ኢንዛይም ገና አልታወቀም ነበር። በ1969 ጆ ማኮርድና ኧርዊን ፍሪዶቪች ዱክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝን ሲያገኙ የሃርማን ሐሳብ ጥርስ አወጣ። ሰውነት ይህን ቅንጣት ለማጥፋት ብቻ የተሠራ ኢንዛይም ይዞ ከተገኘ ቅንጣቱ በእርግጥ አደገኛ መሆን አለበት ተባለ።

ይህን ለመፈተን ደግሞ ከነፍሳት የተሻለ የለም፤ በተለይ የበሰበሰ ሙዝ ላይ የምትዞረው ትንሿ የፍራፍሬ ዝንብ። ዕድሜዋ በወራት የሚቆጠር ስለሆነ አንድ ተመራማሪ ከልደት እስከ ሞት ያለውን ሁሉ በጥቂት ጊዜ ያያል፤ ዘረመሏንም እንደልቡ ይለዋውጣል። የመጀመሪያዎቹ ፈተናዎች ኢንዛይሙን መንሣት ነበሩ። መዳብና ዚንክ የያዘው ዲስሙቴዝ የሌላቸው ዝንቦች ዕድሜያቸው እጅግ አጠረ፣ ወንዶቹ መካን ሆኑ፣ ሱፐርኦክሳይድ የሚያስፈለፍለው ፓራኳት የተባለ ፀረ-አረም መርዝ በትንሹ ገደላቸው። የማይቶኮንድሪያው ዲስሙቴዝ የጎደላቸው ደግሞ ክንፍ አውጥተው አንድ ቀን ያህል እንኳ አልቆዩም። ኢንዛይሞቹ ለሕይወት ግድ መሆናቸው ከዚህ በኋላ አላከራከረም።

ግን ለሕይወት ግድ መሆን አንድ ነገር ነው፤ ሲጨምር ዕድሜ ማስረዘም ሌላ ነገር። ጨው ከወጥ ሲጎድል ወጡ አይበላም፤ እጥፍ ቢጨመርበት ግን አይጣፍጥም። በ1994 ዊልያም ኦርና ራጂንደር ሶሃል ዝንቦች ላይ ተጨማሪ የዲስሙቴዝና የካታሌዝ ጂን አስገብተው ዕድሜያቸው እስከ አንድ ሦስተኛ መርዘሙን አሳወቁ። ዜናው ብዙዎችን አስደሰተ። በ1998 ሌላ ቡድን የሰውን ዲስሙቴዝ በዝንቧ እንቅስቃሴ አዛዥ ነርቮች ውስጥ ብቻ እንዲሠራ አድርጎ ዕድሜዋን እስከ 40 በመቶ አስረዘመ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለሳይንስ ያለኝን አክብሮት ከሚጨምሩ ነገሮች አንዱ አድርጌ አየዋለሁ። ኦርና ሶሃል ራሳቸው በ2003 ከባልደረቦቻቸው ጋር ተመልሰው መጡ። በዚህ ጊዜ የመረጡት በተፈጥሮ ጤነኛና ረጅም ዕድሜ ያላቸውን የዝንብ ዘሮች ነበር። ዲስሙቴዝ ጨመሩ፣ ካታሌዝ ጨመሩ፣ የታዮሬዶክሲኑንም ኢንዛይም ጨመሩ፤ ዕድሜያቸው አልረዘመም። ቀድሞ ያገኙት ጥቅም ዕድሜያቸው ቀድሞውኑ አጭር በሆኑ ዘሮች ላይ የታየ ሊሆን እንደሚችል ታየ፤ የደከመን መደገፍ ያቆመዋል፣ የቆመን መደገፍ ግን የትም አያደርሰውም። የዓለምን ጆሮ የሳበ ውጤታቸውን ራሳቸው ዳግም ፈትነው የሚጠበቀውን ሳይሆን ያዩትን ጻፉ።

የኢንዛይም «እንቅስቃሴ» ሲባል ምን እንደሚለካ እዚህ ላይ ማወቅ ይጠቅማል፤ የዚህ መስክ አለመግባባት ግማሹ ከዚህ ይመጣልና። ተመራማሪው ነፍሳቱን በበረዶ ላይ ይፈጫል፣ ፍጩን በኃይል በሚሽከረከር ማሽን አዙሮ ከላይ የቀረውን የጠራ ፈሳሽ ይወስዳል። ፈሳሹ ላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይጨምርና በምን ያህል ፍጥነት እየጠፋ እንደሆነ በብርሃን መለኪያ ያነባል። ያ ቁጥር ለፈሳሹ ፕሮቲን መጠን ሲካፈል የካታሌዝ እንቅስቃሴ ይባላል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ አስቸጋሪው ትርጉሙ ነው።

ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ቤት ገብታችሁ ጋቢ ቁጠሩ፤ ከዚያ ሰመራ ወርዳችሁ ቁጠሩ። ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢው ይበዛል። ከዚህ ተነሥቶ ደብረ ብርሃን የበለጠ ይሞቃል የሚል አይኖርም፤ ጋቢው የበዛው ብርዱ ስለበዛ ነው። ያረጀ ነፍሳት ሰውነት ውስጥ ካታሌዝ ከፍ ብሎ ቢገኝ ጥሩ ጥበቃ ስላለው ነው? ወይስ ጉዳቱ ስለጠናበት ሰውነቱ የሚችለውን ሁሉ እያወጣ? ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ተመራማሪዎች ከኢንዛይሙ ጋር ጉዳቱንም የሚለኩት፦ የተበላሸ ፕሮቲን ስንት ነው፣ ከተበላሸ ስብ የሚወጣው ትርፍራፊ ምን ያህል ነው? ኢንዛይም ብቻ ለክቶ «ይህ ነገር እርጅናን ያዘገያል» የሚል ጽሑፍ ሲያጋጥመኝ የጉዳቱን ልኬት እፈልጋለሁ፤ ከሌለ በድምዳሜው አልተማመንም።

ወደ ንግሥቶቹ እንመለስ፤ ለጋቢው ነገር ከሁሉ የጠራው ማስረጃ ያለው እዚያ ነውና። ላሲየስ ኒገር የምትባል ጥቁር ጉንዳን አውሮፓ ውስጥ በየጓሮው ትገኛለች። ንግሥቷ በሰው እጅ ስትጠበቅ 28 ዓመት የኖረችበት ጊዜ አለ፤ ሠራተኞቿ አንድ ሁለት ዓመት፣ ወንዶቹ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ይኖራሉ። በ2004 ዲስሙቴዝ ሲለካ ከፍተኛው የተገኘው ዕድሜያቸው ከሁሉ በሚያጥረው በወንዶቹ ላይ ነበር፤ ንግሥቲቱ ዝቅተኛ ሆና ተገኘች። ጋቢ የደራረበው በብርድ የሚሞተው ሆነ።

በንብም ተመሳሳይ ነገር ታየ። በ2005 የታተመ ጥናት የስምንት ዋና ዋና ፀረ-ኦክሲዳንት ኢንዛይሞችን ጂን በንግሥቶችና በሠራተኞች አነጻጸረ። ንግሥቲቱ ስታረጅ አብዛኞቹ ጂኖች ሥራቸው ቀነሰ፤ በሠራተኞቹ ግን እንደዚያ አልቀነሰም። የንግሥቲቱ ዕድሜ ከኢንዛይም ብዛት የመጣ አይደለም ማለት ነው።

ታዲያ ከየት መጣ? እስካሁን ከተገኙት መልሶች በጣም የወደድኩት ወጥ ቤት ሄጄ ልረዳው የቻልኩት ነው። የኑግ ዘይት ትንሽ ሲቆይ ይሸታል፤ በደንብ የተነጠረ ቅቤ ግን ብዙ ወራት ይቆያል። ምክንያቱ ስቡ የተሠራበት መንገድ ነው። የኑግ ዘይት አብዛኛው ክፍል ሊኖሌይክ የተባለ፣ ኦክሲጅን በቀላሉ የሚያጠቃው ስብ ነው፤ አንዱ ሞለኪውል ሲበላሽ ጎረቤቱን፣ ጎረቤቱም ቀጣዩን እያበላሸ ይሄዳል። የቅቤ ስብ በአብዛኛው እንደዚያ ዓይነት ክፍት ቦታ የለውም። የእያንዳንዱ ሕዋስ ሽፋንም የሚሠራው ከስብ ነው። በ2007 የንብ ሽፋኖች ሲመረመሩ ካደጉበት የሰም ቤት ገና የወጡ ሠራተኞች የሕዋስ ሽፋን እንደ ንግሥቲቱ ሁሉ በቀላሉ የማይጠቃ ሆኖ ተገኘ። በመጀመሪያው ሳምንት ግን ሠራተኛዋ የአበባ ብናኝ መብላት ስትጀምር ሽፋኗ ቶሎ ወደሚበላሸው ዓይነት ስብ ያዘነብላል። ንግሥቲቱ ብናኝ በቀጥታ አትበላም፤ የምትኖረው ሠራተኞች በሚያጎርሷት ፈሳሽ ነውና ሽፋኗ እንደ ቅቤው ሆኖ ይቀጥላል። የሚቃጠል ነገር በሌለበት ቤት ብዙ ውኃ ማጠራቀም አያስፈልግም፤ ኢንዛይሟ ማነሱ ጉዳት ያልሆነው ምናልባት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው መልስ ከእንቁላል አስኳል ጋር የተያያዘ ነው። ቫይቴሎጀኒን የሚባለው ፕሮቲን እንቁላል ውስጥ የሚገባ ምግብ ነው፤ ንግሥቲቱ ደም ውስጥ በብዛት አለ። ሠራተኛ ንብ እንቁላል ባትጥልም ቀፎ ውስጥ ሆና እጭ ስትመግብ ይህ ፕሮቲን ይኖራታል፤ ወደ ውጭ መውጣት ስትጀምር ይቀንሳል። በ2006 ተመራማሪዎች በሠራተኞች ውስጥ የዚህን ፕሮቲን ምርት ሲያፍኑት ንቦቹ ፓራኳትን መቋቋም አቃታቸው። ፕሮቲኑ የኦክሲጅኑን ጥቃት በራሱ ላይ እየተቀበለ ለሌሎቹ የሚሰዋ ይመስላል። በባህርይው ኢንዛይም አይደለም፤ የኢንዛይም እንቅስቃሴ ብቻ የለካ ተመራማሪ ጨርሶ ባላየው ነበር።

ሦስተኛው ሥራው ራሱ ነው። ሠራተኛ ንብ የምታረጀው በልደቷ ቀን አቆጣጠር ብቻ አይደለም፤ ከቀፎ ወጥታ መብረር የጀመረችበት ቀን ይበልጥ ይወስነዋል። በ1980ዎቹ የተደረገ ልኬት ሠራተኞች በድምሩ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ከበረሩ በኋላ እንደሚሞቱ አሳይቷል፤ በቀን ብዙ የበረረችው ቶሎ፣ ጥቂት የበረረችው ዘግይታ። ሶሃል የቤት ዝንቦችን መብረር በማይችሉበት ጠባብ ዕቃ ውስጥ ሲያኖራቸው ከሚበሩት በእጅጉ ረዥም ጊዜ ኖሩ። ንግሥቲቱ ደግሞ ለድርያ ከወጣችባቸው ጥቂት በረራዎችና መንጋው ሲሰደድ ከምትወጣበት ጊዜ በቀር ዕድሜዋን የምትገፋው በእግሯ እየተራመደች ነው።

ሁሉም ነገር በአንድ መስመር ይሄዳል ብሎ የሚያስብ አንባቢ ካለ ምስጥን ይመልከት። ጃፓን ውስጥ እንጨት የሚበላ ሬቲኩሊተርምስ ስፔራተስ የሚባል ምስጥ ንግሥት ስትመረመር ካታሌዟና ፐርኦክሲሬዶክሲን የሚባለው ኢንዛይሟ ከሠራተኞቹ ከፍ ያለ፣ የሰውነቷም ጉዳት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። እዚህ ጉዳቱም አብሮ ስለተለካ ቁጥሩን ማመን ይቻላል። ጉንዳን በአንድ መንገድ፣ ንብ በሌላ፣ ምስጥ በሦስተኛ መንገድ ረጅም ዕድሜ ላይ ደርሰዋል። ንብና ጉንዳን የቅርብ ዘመድ ናቸው፤ ምስጥ ግን ከሁለቱም የራቀ፣ ለበረሮ የሚቀርብ ፍጡር ነው።

በፋርማሲ መደርደሪያ ላይ «ፀረ-ኦክሲዳንት» የሚል ጽሑፍ ያለበትን እንክብል ስትገዙ እነዚህን ዝንቦች አስቡ። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሽ ወንዶች የተሳተፉበትና በ1994 ውጤቱ የታተመ ጥናት ቤታ-ካሮቲን የተባለውን ፀረ-ኦክሲዳንት የወሰዱት የሳንባ ካንሰር መጠናቸው ከሌሎቹ 18 በመቶ ከፍ ብሎ አገኘው። ሕዋስ እነዚህን ቅንጣቶች በመጠኑ ለመልእክትና ለመከላከያም ይጠቀምባቸዋል፤ ጨርሶ ማጥፋት ሁልጊዜ ጥቅም አይደለም።

ለመከላከያ ይጠቀምባቸዋል ያልኩትን ከሁሉ በላይ የሚያሳየው የወባ ትንኝ ነው፤ ለእኛ አገር ደግሞ ይህ ጨዋታ አይደለም። የወባ ጥገኛ ተሕዋሲ ወደ ትንኟ ከገባ በኋላ ሰው ለመያዝ የሚበቃው በሞቃት ቦታ አሥር ቀንና ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው። ስለዚህ አደገኛዋ ትንኝ ያረጀችው ናት። እሷም ደም በጠጣች ቁጥር በደሙ ውስጥ ካለው ብረት አዘል ሄም የሚመጣ ከባድ የኦክሲጅን ጥቃት መቋቋም አለባት። በ2007 አኖፊለስ ጋምቢያ በተባለችው የአፍሪካ ዋና አስተላላፊ ላይ የተደረገ ጥናት ሦስት ዝርያዎችን አነጻጸረ። ሁሉም ሲያረጁ የሚጥሉት እንቁላል ይቀንሳል፤ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በሰውነታቸው የበዛባቸው ግን ክፉኛ ይቀንሳሉ። ፀረ-ኦክሲዳንት ሲሰጣቸው ቅነሳው ተቀለበሰ። የካታሌዛቸው ጂን ሲታይ በፕሮቲኑ ሁለተኛ ቦታ ላይ ያለች አንዲት አሚኖ አሲድ ተለዋውጣ ተገኘች፤ አንደኛው ዓይነት ካታሌዝ ጠንካራ፣ ሌላኛው ደካማ።

ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚበዛበት የትንኝ ዝርያ የወባ ጥገኛውን በሰውነቱ ውስጥ የማጥፋት ችሎታ አለው። የማይበዛበት ዝርያ ደግሞ በዕድሜው ሁሉ እንቁላል በደንብ ይጥላል፣ ጥገኛውንም ያለ ብዙ ችግር ያሳድጋል። ሁለቱም የካታሌዝ ዓይነቶች ጥገኛውን በሚያጠፋው ዝርያ ውስጥ ጎን ለጎን ተገኝተዋል።